ድምፁም የራሱ ነው

ካርቴል 4

ዝናብ። የካርቴል ወር ነው፤ ከትናንት ወዲያ የጀመረው አላባራም።

ይህ ደብተር የጉላቢ ነው፣ የሚስቴ። የማታ ትምህርት ስትማር የገዛችው። ግማሹን ሞልታዋለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟን ከላይ እስከ ታች ደጋግማ ጽፋለች፣ ጉላቢ ጉላቢ ጉላቢ፣ እንደተሰጣ ዓሣ ተደርድሮ። ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። ባዶውን ወረቀት እርጥበት ከሚበላው እኔ ልጨርሰው ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ነች። ስሕተት ካለበት የአስተማሪዬ ነው።

ሰው ቢያገኘው፣ የጻፍኩት ጃራፓ ነኝ። ዕድሜ ሰባ አንድ። ሥራ ከዘንባባ ጫፍ ጠጅ ማውረድ። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ መሬት ላይ ነኝ።

ካርቴል 6

ዝናብ።

ሪተሽ መጣ። ባለፈው ክረምት እኔ የተወንኩበትን ፊልም እዚሁ ቤት ያነሳው ልጅ። ጫማውን ሳያወልቅ ዘሎ ገባ።

"አጃ!" አለኝ። ሽማግሌ ሁሉ ለእሱ አጃ ነው፤ አያቴ ማለቱ ነው። "ፊልማችን ዴልሂ ገባ! ለአገር አቀፉ ሽልማት!"

"ገብቶ ምን ይሠራል?"

"ይወዳደራላ! ከየቋንቋው አንድ ምርጥ ፊልም ይመረጣል። በእኛ በቱሉ ከተመረጠ ስንት ዓመቱ! ደግሞ ስማኝ፣ ለማንም እንዳትናገር። ዳኞቹ ስለ አንተ ጠይቀዋል አሉ። ሽማግሌው ማነው፣ ትወና የት ነው የተማረው ብለው።"

"ዘንባባ ላይ በላቸው።"

ሳቀ። ከዚያ ቅጽ አወጣ፤ ስለ ተዋናዮቹ ነው፣ መፈረም አለብህ አለኝ። አብሮት የመጣው ጎረምሳ ለአውራ ጣቴ የቀለም ሳጥን ከፈተልኝ። መልሰህ ክደነው አልኩት። ብዕር ተቀበልኩና ወረቀቱን ባንክ ቤት እንዳሉት ሰዎች ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ወረድኩት።

"አነበብከው አጃ?"

"ምን ዓይን የለኝም?"

ጃራፓ ፑጃሪ ብዬ በትልቁ ፈረምኩ። ጎረምሳው አፉን ከፍቶ አየኝ። አንዱን ቅጂ ትተውልኝ ሄዱ።

ካርቴል 7

ለማንም እንዳትናገር ያለኝ ነገር እኔ ሻይ ቤት ሳልደርስ ደርሷል። ሃሰናባ ሻዩን ከላይ ወደ ታች እያንቆረቆረ፣

"ኧረ ዴልሂ ሱሪ ይለበሳል! አጃን ሱሪ ማን ሊያስለምደው ነው?" አለ።

"ሽርጥ ለብሼ ነው የምሄደው። ካልፈለጉ ዋንጫውን በፖስታ ይላኩት።"

ሁሉም ሳቁ። ከተማ ሄዶ ፊልሙን ያየው መርከብ ጠጋኝ ግን አልሳቀም። "ያንን ሚስትየዋ ጋ ተቀምጠህ የተናገርካትን ነገር…" አለኝ፣ "ባለቤቴ ሦስት ቀን ነው ያለቀሰችው። ምን ዓይነት ድምፅ ነው!"

ድምፅ የአምላክ ስጦታ ነው አልኩት። ሁለተኛ ሻይ በነፃ ጠጣሁ። ሁለተኛው አልጣፈጠኝም። ስኳር ቀንሶበት ይሆናል።

ካርቴል 10

ዝናብ። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል። ልጄ ሱጃታ ከሙምባይ ደወለች። "አባ፣ እውነት ነው?" እያለች ታለቅሳለች። ልትመጣ ነው፤ ሸሚዝ ልትገዛልኝ ነው። ባልዲ ሞላ። ሌላ ጊዜ።

ካርቴል 13

የተተወልኝን ቅጂ እያነበብኩ ነው። የመንግሥት ፊደል ደቃቅ ነው። በቀን ሦስት መስመር እሄዳለሁ፤ አቋርጬ ሩዝ አጥሚቴን አሞቃለሁ፣ እመለሳለሁ። ዛሬ ስድስተኛው መስመር ላይ ደረስኩ።

እንዲህ ይላል። ከላይ ስሙ የተጠቀሰው ተዋናይ ሚናውን ራሱ ተጫውቷል፤ ድምፁም የራሱ ነው።

ደጋግሜ በጣቴ ተከተልኩት። ያው ነው።

ድምፁም የራሱ ነው።

ካርቴል 14

ነገሩ እንዲህ ነው። እጽፈዋለሁ፣ ጉዳዩ ቀላል ነው።

ፊልሙን ያነሱት በዝናብ ነበር። ዝናቡ የሸክላ ክዳኑን ሲደበድበው ያልነው ሁሉ ጠፋ። ስለዚህ ማንጋሎር ከተማ ወስደው በመስተዋት የተዘጋ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ይመጣል፤ የራሴን አፍ እያየሁ እንደገና እናገራለሁ። ቀላል ነው። ሽማግሌው የታመመችው ሚስቱ አጠገብ እስከሚቀመጥበት ድረስ ተናገርኩ። እዚያ ስደርስ ቃሉ አልወጣልኝም። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማሽኑ ነው የሚያቀዘቅዘው። ሦስት ቀን ተመላለስን። ሦስቱንም ቀን ብርዱ እዚያችው ቦታ ላይ ያዘኝ።

በአራተኛው ቀን ሪተሽ፣ "አጃ፣ ግድ የለም፣ ድምፁ ያንተን የሚመስል ሰው አለ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ እሱ ይናገረዋል" አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አውቄዋለሁ።

ሞናፓ ነው። የጉላቢ ታናሽ ወንድም። በእኛ ልማድ ቤት የሚስት ዘር ነው፤ እኔ የምኖርበት ቤት የጉላቢ ነው፣ ከእሷም የሱጃታ። የእህቱ ቤት አዛዥ ወንድም ነው፤ ባል እንግዳ ነው፣ አርባ አራት ዓመት ቢቀመጥም። ከሞናፓ ጋር አርባ ዓመት ጎን ለጎን ባሉ ዘንባባዎች ላይ ሠርተናል። ሰው ከጫፍ ሆኖ ቢላውን ከመሳሉ በፊት መጣራት አለበት፣ "ኦ…ሆ!" ብሎ። ከታች በየጓሮው የሚታጠቡ ሴቶች አሉ። እላይ ነኝ፣ ተሸፋፈኑ፣ አላይም ማለት ነው። የእኔንና የሞናፓን ጥሪ መንደሩ ለይቶ አያውቅም ነበር።

የጉላቢን አስከሬን ያቃጠልን ዕለት በሰው ፊት አንድ ነገር ተናገረኝ። አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም።

ካርቴል 20

ለሪተሽ ደወልኩ። የፈረምኩት ውሸት ነው አልኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"አጃ፣ ፊልም ላይ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ማንም አይጠይቅም። ሞናፓንም አናግሬዋለሁ።"

"ምን አለ?"

"'ለእሱ ይሁንለት፣ ይውሰደው' ነው ያለው።"

ስልኩን ዘጋሁ።

ይውሰደው! እኔ ነኝ ከሞናፓ የምወስደው? ከሱ እጅ አንዲት ሎሚ ወስጄ አላውቅም። እውነቱን ብናገር፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀሰበት ድምፅ የሱ ነው ማለት ነው። ዝም ብል ደግሞ የሱን ምጽዋት አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መሞቴ ነው። በየትም በኩል ሞናፓ።

አቲ 1

አቲ ገባ። የከባዱ ዝናብ ወር፣ የባዶ ማጀት ወር። ሠርግ የለም፣ ድግስ የለም። በዚህ ወር መንደሩን የሚጠብቀው መንፈስ ቤት ይዘጋል፤ ጌታው በሌለበት መሐላ ሰሚ የለውም ይላሉ አሮጊቶቹ። ስለዚህ የፈረምኩትም ቢሆን እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ እንዳልተሰማ ነው።

ግን የፈረምኩት በካርቴል ነው።

አቲ 5

ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፊልሙን አሳዩ፣ ለእኔ ክብር ብለው። አልሄድም ብዬ ነበር፤ የመንደሩ ሊቀመንበር ራሱ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ፊት ወንበር፣ የአበባ ጉንጉን። ከድምፁ ጋር ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

መጀመሪያ ሽማግሌው ዘንባባ ይወጣል። ከጫፍ ሆኖ "ኦ…ሆ!" ይላል። ያ የእኔ ነው። ያን ቀን ለአፍታ አባርቶ ስለነበር ከነፋሱ ጋር ገብቷል። ኩራት ተሰማኝ፤ ጎኔ ያለውን ሰው በክርኔ ነካሁት።

ከዚያ ሽማግሌው አፉን ይከፍትና ሞናፓ ይናገራል።

ታሪኩ የፈጠራ ነው። ከእኔ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሚስትየዋ ሱንዳሪ ነው ስሟ። በዝናብ ትታመማለች፣ ባልየው ሐኪም ቤት ሳይወስዳት ይቀራል። አጠገቧ ተቀምጦ "ተነሺ፣ ዝናቡ አባርቷል" ይላታል፤ እሷ ግን ሞታለች። ይህች ቃል ወረቀቱ ላይ አልነበረችም። የዚያን ቀን ሪተሽ "አጃ፣ አንተ ብትሆን ምን ትላት ነበር?" ሲለኝ ከአፌ ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ ያቺ ቦታ ስትደርስ ድምፁ "ተነሺ" ብሎ ተሰበረ። "ዝናቡ" የሚለውን ለመጨረስ ትንፋሽ አጠረው። ከኋላዬ ሴቶች ይነፋረቃሉ። እኔ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ትወና አይደለም። እሳቱ አጠገብ ቆሞ እንደዚያው ነበር የሆነው።

ጉልበቴን አሞኝ ተነሥቼ ወጣሁ። ሞናፓ በሩ ላይ ቆሟል። ሸብቷል። ጃንጥላውን ወደ እኔ ዘረጋ።

"ዝናብ ነው ባዌ። ያዝ።"

ባዌ። የእህቱን ባል ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው። አራት ዓመት ማንም አልጠራኝም፤ ከሱ ሌላ የሚጠራኝም የለ።

አልያዝኩም። በስብሼ ገባሁ።

አቲ 6

ሳል። ሱጃታ ሸሚዙን ገዛሁ አለች። ሰማያዊ ነው።

አቲ 12

ጨረቃ የጠፋችበት ቀን። የመራራው ቅርፊት ቀን።

ገና ሳይነጋ ሰው ጫካ ይገባል፤ ቢላ አይነካውም፣ በድንጋይ ቀጥቅጦ ቅርፊቱን ያነሳል፤ ጭማቂውን ቤተሰቡ በባዶ ሆዱ ይጠጣል፤ የዓመት በሽታ ይከላከላል። ዛፉን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የሚመስለው ሌላ ዛፍ አለ፤ እሱን የጠጣ ቀብሩን ያያል። ስለዚህ የማታምነው ሰው ያመጣልህን አትጠጣም።

ሞናፓ በየዓመቱ ያመጣል። ሳይነጋ መጥቶ በናስ ዕቃ ደጃፌ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ለእህቱ ቤት ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። ሦስቱን ዓመት ጓሮ ሙዙ ሥር ደፋሁት። ሙዙ ሦስት ዓመት አልታመመም።

ዛሬ ዕቃውን አንሥቼ ጠጣሁት። እስከ ጭላጩ። ምላሴ እስካሁን ታስሯል። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ነጋ፣ ዘነበ፣ አልተነሣሁም።

ልጻፈው።

ጉላቢ አልጋ ላይ በዋለች በሁለተኛው ቀን ሞናፓ ባጃጅ ይዞ መጣ። ባጃጁን ከሰው ለምኖ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። "ባዌ፣ አንሣት፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት" አለኝ። ሳይጠይቀኝ ነበር ያመጣው። አርባ አራት ዓመት በዚህ ቤት እሱ ሲያዝዝ ኖሯል፤ ጣሪያውን፣ ጓሮውን፣ የልጄን ሠርግ። በራሴ ሚስት እንኳ እኔ ልዘዝ አልኩ። "ዝናቡ ሲያባራ እንሄዳለን" አልኩት። ባጃጁ በር ላይ ሲያጓራ ቆየ፣ ከዚያ ሄደ። ጉላቢ ከአልጋዋ ሆና፣ "ምን አለበት ብንሄድ?" አለች። "ሲያባራ" አልኳት።

ሁለት ቀን አላባራም።

እሳቱ አጠገብ የተናገረኝ ይህ ነው። "እህቴን እልህህ ገደላት።" ውሸት ነው ብዬ አልጽፍም።

ማንጋሎር ክፍሉ ቀዝቃዛ አልነበረም።

አቲ 13

ደብዳቤ ጀመርኩ። ሦስት መስመር።

አቲ 17

ጨረስኩ። አምስት ወረቀት አበላሽቼ፣ ከጉላቢ ደብተር ነው፣ ይቅር ትበለኝ። ቅጂውን እዚህ አስቀምጣለሁ።

ለዴልሂ ዳኞች። እኔ ጃራፓ ነኝ። ፊልሙ ላይ ያለው ፊት የእኔ ነው። እጁም እግሩም የእኔ ነው። ድምፁ ግን የሞናፓ ነው፣ የሚስቴ ወንድም። ከዛፍ ላይ የሚጠራው ብቻ የእኔ ነው። ወረቀታችሁ ላይ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። ማንበብ ስለማልችል አይደለም። ቀስ ብዬ እንደማነብ እንዳይታይብኝ ነው። ልጁ ሪተሽ ፊልሙን በደንብ ሠርቷል፤ በእኔ ምክንያት እንዳትጎዱት። ሰው ያለቀሰው በሞናፓ ነው። ስሙን ጻፉለት።

ፖስታ ቤት የምትሠራዋ ሴት አድራሻውን አይታ፣ "አጃ፣ በራስህ እጅ ነው የጻፍከው?" አለችኝ።

"ታዲያ በእግሬ?"

አቲ 18

ምን አደረግኩ? ሱጃታ ሸሚዙን ተኩሳ አስቀምጣለች። ፖስታ ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ከረጢቱ ሄዷል አለችኝ።

አቲ 25

ሪተሽ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ አልገባም። ዓይኑ ቀልቷል።

"ከዴልሂ ደወሉልኝ። ምን አደረግከኝ አጃ? ምን አደረግከኝ?"

"እውነቱን ጻፍኩ።"

"ፊልሙን በሙሉ ሊያወጡት ይችላሉ እኮ! ያንተ ሽልማት ብቻ መሰለህ? ይህ ቋንቋ ሲሸለም ለሌሎቹ ልጆች በር ይከፈታል! ያኔ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ቀን ስለምንህ፣ አንዲት ቃል፣ አንዲት ቃል ብቻ አላወጣህልኝም፤ አሁን ለዴልሂ ስትሆን ቃል አገኘህ!"

ግባና አጥሚት ጠጣ አልኩት። አልፈልግም አለ። ዝናቡ ስለበረታ ግን ገባ። ደረቅ ዓሣ ጠበስኩለት። ሲበላ ግድግዳው ላይ ያለውን የጉላቢን ፎቶ ብዙ ጊዜ አየው።

"አጃ፣" አለኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ "ታሪኩን የነገረኝ ሞናፓ እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ፈጠራ ነው ብለኸኛል።"

"አዎ። እንደዚያ ብዬሃለሁ።"

ሳህኑን ራሱ አጥቦ ሄደ።

አቲ 26

ስለዚህ ሞናፓ ታሪኩን ሰጠ። ድምፁን ሰጠ። ስሙን አላስጻፈም። እኔ እሱን ብሆን፣ እንዲህ ላለ ሰው ጃንጥላ እዘረጋለሁ?

አቲ 30

ዝናብ። ከዴልሂ ወሬ የለም። ሃሰናባ ሻይ ቤት አልሄድኩም። ሱጃታ ደወለች፣ አላነሳሁም። ከዚያ አነሳሁና ሁሉንም ነገርኳት። "አባ፣ ሸሚዙን ለማንኛውም አመጣዋለሁ" አለች።

ሶና 3

ዛሬ ሽልማቱ በቴሌቪዥን ተነበበ። ሃሰናባ ጋ ሄድኩ፤ መደበቅ አልወድም። ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል። አንባቢዋ ቋንቋዎቹን አንድ በአንድ ስትጠራ ሃሰናባም ሻይ መቅዳቱን ተወ። ቱሉ አለች። የእኛ ፊልም ነው! ሰው ጮኸ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሃሰናባ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ሪተሽ ደወለ፤ ከጩኸት በስተቀር ምንም አልሰማሁም፤ እሱም ከእኔ ያንኑ ነው የሰማው።

ከዚያ የተዋናዮቹ ተነበበ። የሌላ ክፍለ አገር ሰው ነው። የእኔ ስም የለም።

ሁሉም እኔን ላለማየት ሻዩን ያማስላል።

"በድለውሃል አጃ!" አለ መርከብ ጠጋኙ። "ያንን የመሰለ ድምፅ ትተው!"

ተነሣሁ። "ድምፁ የእኔ አይደለም" አልኩ። "የሞናፓ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። እኔ ክፍሉ ውስጥ መናገር አቅቶኝ ነው። ያለቀሳችሁት በሞናፓ ነው። ሂዱና ንገሩት።"

ሃሰናባ፣ "ታዲያ ያቺን ወር ሙሉ በነፃ የጠጣሃትን ሻይ ሞናፓ ነው የሚከፍለው?" አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ሳቁ። እኔም።

ሶና 4

ስነቃ ጆሮዬ ባዶ ሆነብኝ። ምን እንደጎደለ እስካውቅ ቆየሁ። ጣሪያው ዝም ብሏል።

ዝናቡ አባርቷል።

የናሱን ዕቃ አጥቤ፣ ይዤ ወደ ሞናፓ ቤት ሄድኩ። በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ቤት የለም። ጓሮ ስዞር ዘንባባው ላይ ነው፤ በስድሳ ስድስት ዓመቱ፣ በእርጥብ ግንድ፣ ጅል። ተረከዙን ብቻ ነው የማየው።

ከታች ሆኜ ጮህኩ። "ሞናፓ!"

ቢላው ቆመ።

"ዝናቡ አባርቷል!" አልኩት። ድምፄ ወጣ። ሻካራ ነው ግን ወጣ።

"አይቻለሁ ባዌ" አለ ከላይ። "ለሰማዩ ከአንተ ይልቅ እኔ ነኝ የምቀርበው።"

ሌላ ልናገር የመጣሁት ነበር። መንገዱን ሙሉ ደርድሬው ነበር። "ያን ቀን…" አልኩ። "ያን ቀን ባጃጁን…" ዕቃውን ጨበጥኩ። "ማንሣት ነበረብኝ። ስትለኝ ማንሣት ነበረብኝ።"

ውኃ ከቅጠሉ ይንጠባጠባል።

ከዚያ ሞናፓ ተጣራ። ረጅም አድርጎ፣ አርባ ዓመት ጎን ለጎን እንደተጣራነው፣ "ኦ…ሆ!"

ሥራ ከጀመረ ቆይቷል፤ የሚጣሩት ሲጀመር ነው። ጓሮው ውስጥም የሚታጠብ ሴት አልነበረም። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

እላይ ነኝ፣ ተሸፋፈኑ፣ አላይም ነው ትርጉሙ።

ፎጣዬን ከትከሻዬ አውርጄ ፊቴን ሸፈንኩ።